ከመኝታው ሥር ያለፈው ሽቦ

ጾመ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከጎንደር ተነሥተን፥ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈን፥ ደባርቅ የደረስነው ከመሸ በኋላ ነበር። የተሳፈርንበት መኪና ጨው፥ ዘይትና ሳሙና የጫነ አይሱዙ ሲሆን፥ በማግሥቱ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጃናሞራ ሊሻገር ታስቦ ነበር። ሾፌሩ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፥ አነጋገሩ የታረመ፥ ጾሙን የማያጎድል ሰው ነው። ረዳቱ ደግሞ ትምህርት ቤት ለክረምት ስለ ተዘጋ አባቱን ሊያግዝ የወጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ነበር። እኛ ከመንገዱ ዳር ባለ ማረፊያ ቤት ስናድር፥ አባትና ልጅ ጭነቱን ለመጠበቅ በጋቢናው ቀሩ፤ አባት በወንበሩ ላይ፥ ልጅ ከወንበሩ ኋላ በተዘረጋችው ጠባብ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የነሐሴ ሌሊትዋም ቅዝቃዜ እስከ አጥንት ይዘልቃል። ልጁ ኋላ እንደ ነገረን፥ ሊነጋጋ ሲል ጀርባው ላይ ሙቀት ተሰማውና ብርዱ የለቀቀው መስሎት ደስ ብሎት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን አፍንጫ የሚከነክን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣበት። «አባባ፥ ፍራሹ ሞቀ» ብሎ አባቱን ቀሰቀሰ። አባትየው ዘሎ ወርዶ፥ ከባትሪው ላይ የታሰረውን ሽቦ በፒንሳ መንጭቆ ነቀለው።

እኛ ጩኸት ሰምተን ስንደርስ ፍራሹ ከመሬት ላይ ተጥሎ ነበር። በሥሩ በኩል አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ጥቁር መሥመር ተቃጥሎበታል። በዚያ መሥመር ሥር ተጋድሞ የነበረው ሽቦም ልባሱ ቀልጦ መዳቡ ይታይ ነበር። ልጁ ጋቢውን ተከናንቦ በጭቃው ላይ ባዶ እግሩን ቆሞአል። ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢነቃ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ከመካከላችን የተናገረ የለም።

የሽቦው ታሪክ አጭር ነው። ሾፌሩ ከጥቂት ወራት በፊት፥ ለስልክ፥ ለመብራትና ለአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ይሆነኛል ብሎ ኢንቨርተር ገዛ፤ ጾሙ በገባ ጊዜ ደግሞ ሽሮውን ራሱ ለማብሰል የኤሌክትሪክ ምድጃ ጨመረበት። ከባትሪው እስከ ጋቢናው ያለውን ሥራ ማን እንደ ሠራው ብንጠይቀው «ራሴ ነኝ፤ ሁለት ሽቦ ማሰር ምን ሥራ አለው?» አለን። ይህን ቃል በዚህ አገር መንገድ ላይ ከብዙ ሰው አፍ ሰምተነዋል። ከአንባብያኖቻችን መካከልም ባልዋ፥ ልጅዋ ወይም ወንድምዋ በመሪ የሚተዳደር ሴት ጥቂት ስላልሆነች፥ በደባርቅ ያየነውንና ያስተዋልነውን ለቤተ ሰቡ ሁሉ በሚገባ ቋንቋ ልንጽፈው ወደድን።

በመኪና ውስጥ የሚሠራው ኤሌክትሪክና በቤታችን ግድግዳ የምናገኘው ኤሌክትሪክ ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው። የባትሪው ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ሲሆን፥ በትናንሾቹ መኪኖች 12፥ በአብዛኞቹ ትልልቅ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ነው። (ቮልት የተባለውም በ1800 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባትሪ ለሊቃውንት ባስታወቀው በኢጣሊያዊው በአሌሳንድሮ ቮልታ ስም ነው።) የቤቱ ኤሌክትሪክ ግን 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን የፊተኛውን ወደ ኋለኛው ይለውጣል። ኃይልን ከምንም አይፈጥርም፤ እንዲያውም ከሚቀበለው ኃይል አሥረኛውን ያህል በሙቀት መልክ ያባክነዋል።

እዚህ ላይ አንባቢው ከአንዲት ቀላል ሒሳብ ጋር እንዲታገሥ እንለምናለን፤ የልጁን ፍራሽ ያቃጠለው ነገር ከዚህችው ሒሳብ ውስጥ ይገኛልና። የአንድ ዕቃ ዋት ለቮልቱ ሲካፈል በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በአምፔር ይገኛል። የ1,000 ዋት ምድጃ በቤት ውስጥ በ220 ቮልት ሲሠራ ፍሰቱ 5 አምፔር እንኳ አይሞላም። ያው ምድጃ በኢንቨርተር አማካይነት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሠራ ግን፥ የሚባክነው ጭምር ታስቦ፥ ከ90 እስከ 100 አምፔር ይስባል። ምድጃው ያው ነው፤ የሚሰጠውም ሙቀት ያው ነው፤ ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ የሚሸከመው ፍሰት ግን ሃያ ጊዜ ያህል በዝቶአል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠር ሙቀት ደግሞ ከፍሰቱ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ ፍሰቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፥ ፍሰቱ አምስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ሃያ አምስት እጥፍ ይሆናል። ሾፌራችን ያሰረው ሽቦ በቤት ግድግዳ ውስጥ ለሶኬት የሚዘረጋው ዓይነት፥ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ነበር። «ቤት ውስጥ ምድጃ ሲያሠራ አይቼዋለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ በቤት ውስጥ ያሠራል።

በደባርቅ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ሽበታም ሰው እንዳለ ሰምተን ወደ እርሱ ሄድን። ሰውየው ቃለ መጠይቅ የሚወድ አልነበረም፤ ስሙም እንዲጻፍ አልፈቀደልንም። የተቃጠለውን ሽቦ ተቀብሎ በጣቶቹ መካከል እያዞረ ተመለከተና፥

«ፊውዙ የት አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሾፌሩ ኢንቨርተሩን አሳየው። «ከውስጡ አለው፥ ጋሼ።»

«እሱ ለሣጥኑ ነው። ለሽቦውስ?»

ለሽቦው አልነበረውም። እንደ ተረዳነው፥ የሥራው ሁሉ መሠረት ይህች ጥያቄ ናት። ሰው ሁሉ ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ይመስለዋል፤ እርሱ ግን በመጀመሪያ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። የጭነት መኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ስለሆነ፥ ሁለቱ ዋልታዎቹ በብረት ቢገናኙ በመቶዎች የሚቈጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ሊተፋ ይችላል፤ ይህም መፍቻን ከዋልታው ጋር ለመበየድ የሚበቃ ነው። የመኪናው አካል በሙሉ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፥ ከፖዚቲቭ የሚመጣው ሽቦ በመንገዱ ላይ በየትኛውም ሥፍራ ተልጦ ብረት ከነካ ያ ኃይል ሁሉ በእርሱ ውስጥ ያልፋል። ፊውዙ ከሽቦው መጨረሻ፥ ከኢንቨርተሩ ዘንድ ቢቀመጥ አደጋው ከእርሱ በፊት ስለሚደርስ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ዘንድ ነው፤ ሽማግሌው እንዳለው ከፖዚቲቩ ዋልታ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለችው ቁራጭ ጠባቂ የሌላት ናትና በተቻለ መጠን አጭር ትሁን።

የልጁን ፍራሽ ያቃጠለው ነገር እንዴት እንደ ተፈጠረ ካየን በኋላ ግልጥ ሆነልን። ሽቦው ወደ ጋቢናው የገባው በወለሉ ብረት ላይ በተበሳ ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳው አፍ ላይም የጎማ ቀለበት አልገባበትም። ከደባርቅ ባሻገር ያለው መንገድ ጠጠርና ድንጋይ ነው፤ ጋቢናው በተንቀጠቀጠ ቍጥር የቀዳዳው ስለት የሽቦውን ልባስ እንደ አይጥ ሲከረክር ወራት ቈየ። በዚያች ሌሊት መዳቡ ከብረቱ ጋር በደንብ ሳይገጥም በጥቂቱ ብቻ ተነካክቶ ኖሮአል። ሙሉ በሙሉ ቢገጥም ኖሮ እሳቱ ወዲያውኑ በተነሣ ነበር። በጥቂቱ በመነካካቱ ሽቦው ቀስ እያለ ጋለ፤ ልጁም ለመንቃት ጊዜ አገኘ። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ አማተበ፤ ሽማግሌው ግን ቀና ሳይል ሥራውን ቀጠለ።

ሁለተኛው ስሕተት ከዓይን የተሰወረ፥ ነገር ግን በየመንገዱ እጅግ የበዛ ነው። ይህ መኪና እያንዳንዳቸው 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡት ነው። ሾፌሩ የገዛው ኢንቨርተር የ12 ቮልት ስለ ነበረ፥ ከሁለቱ ባትሪዎች በአንደኛው ላይ ብቻ አስሮት ነበር። መሥራት እንደሆነ ይሠራል፤ ለዚህም ነው ሰውን የሚያታልለው። ዲናሞው ግን ሁለቱን ባትሪዎች እንደ አንድ ቈጥሮ እኩል ይሞላቸዋል። ዘወትር ኃይል የሚወሰድበት ባትሪ ሳይሞላ ሲቀር፥ ያልተነካው ወንድሙ ከልክ በላይ ተሞልቶ ውኃው ይፈላል። ጥቂት ወራት አልፎ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ባለቤቱም ባትሪ ሻጩን ይራገማል። ሽማግሌው የሁለቱንም ክዳን ከፍቶ አሳየን፤ በአንደኛው ውስጥ ውኃው ከሳሕኖቹ በታች ወርዶ ነበር። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው የ24 ቮልት ኢንቨርተር ገዝቶ በሁለቱ ባትሪዎች ጫፍና ጫፍ ማሰር ነው። በ24 ቮልት ደግሞ ፍሰቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ሽቦውም ያርፋል።

ሌላም ነበረ። ሽቦው ባለ አንድ ዘንግ ደረቅ መዳብ በመሆኑ በንዝረት ብዛት ሊሰበር የደረሰ ነበር፤ ከመካከሉም አንድ ሥፍራ ተቋጥሮ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎአል። ስለዚህ ብዙ አንጽፍም፤ ማንም አይቶ የሚያውቀው ነውር ነው።

የ24 ቮልቱ ኢንቨርተር ከጎንደር በሚመጣ አውቶቡስ እስኪላክ ድረስ አንድ ቀን በደባርቅ ቈየን። ለሾፌሩ ይህ የአንድ ቀን ገቢ ኪሳራ ነበር። ወፍራሙ ሽቦ፥ ፊውዙና ማያያዣዎቹ ያወጡት ዋጋ ተደምሮ ከኢንቨርተሩ ዋጋ ብዙም የማያንስ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ደግሞ ፊቱ ጠቈረ። ሰው ሣጥን ሲገዛ የሣጥኑን ዋጋ ብቻ ያስባል። በእኛ አስተያየት ግን የሽቦውን ዋጋ ለመክፈል ያልተዘጋጀ ሰው ሣጥኑንም ባይገዛ ይሻለዋል፤ ለስልክና ለአንዲት መብራት ብቻ ለሚፈልገውም ከሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካው ከ100 እስከ 150 ዋት የምትሰጠው ትንሽ ኢንቨርተር ትበቃዋለች። የመኪናው ፋብሪካ ያበጀው ፊውዝ አስቀድሞ ስላላት አዲስ ሽቦ መዘርጋት አያስፈልጋትም፤ ቮልትዋ ከመኪናው ቮልት ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ብቻ ነው። የመለኮሻው ፊውዝ ተቃጠለ ተብሎ በእርሱ ፋንታ ከፍ ያለ ፊውዝ ወይም የሲጋራ ወረቀት የሚተካ ሰው ግን ያንኑ የልጁን ፍራሽ እንደገና ያዘጋጃል።

ሥራው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተጀመረ። ሽማግሌው ከሁሉ አስቀድሞ የእጁን ቀለበት አወለቀ፤ ሾፌሩንም «ወንድሜ፥ መስቀልህን ወደ ጀርባህ መልሰው» አለው። ሾፌሩ በአንገቱ ላይ በብር ሰንሰለት የተንጠለጠለ መስቀል ነበረውና፥ ወደ ባትሪው ሲያጐነብስ ሰንሰለቱ በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ቢወድቅ በቅጽበት ግሎ አንገቱን ሊያቃጥለው ይችል ነበር። ማዕተቡ በክር ለሆነ ሰው ይህ ሥጋት የለበትም። ከዚያ የኔጋቲቩ ማሰሪያ በመጀመሪያ ተፈታ። ፖዚቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው፥ መፍቻው ሳያስበው የመኪናውን ብረት ቢነካ ብልጭታ ያስነሣል፤ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣልና በአጠገቡ ብልጭታ አይፈለግም።

ለ1,000 ዋት በ24 ቮልት የሚያስፈልገው ፍሰት ብክነቱ ተጨምሮ 47 አምፔር ያህል ነው። ሽማግሌው ሩብ ያህል ጨምሮ የ60 አምፔር ፊውዝ አደረገ፤ ሽቦውንም 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፥ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ፥ የሚተጣጠፍ ዓይነት መረጠ። የሽቦው አቅም ከፊውዙ በላይ መሆን አለበት፤ ነገሩ ተገልብጦ ፊውዙ ከሽቦው ከበለጠ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ይሆናል። ሣጥኑ ከባትሪው ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር፤ ርቀቱ ከዚያ ቢበልጥ ሽቦውም መወፈር ነበረበት። ጫፎቹ ባለሙያዎች ካፒኮርዳ በሚሉት የመዳብ ቀለበት ውስጥ ገብተው በትልቅ መጨፍለቂያ ተጨፈለቁ፤ በመዶሻ መቀጥቀጥ የለም። ኔጋቲቩም የመኪናውን ብረት ሳይታመን በዚያው ውፍረት በራሱ ሽቦ እስከ ባትሪው ተመለሰ። የኢንቨርተሩ ገላ ደግሞ መመሪያው እንደሚያዝዘው ከመኪናው አካል ጋር ተያያዘ።

እዚህ ላይ ሽማግሌው ያደረገውን አንድ ነገር ሳንገልጥ አናልፍም፤ እኛ ከቶ አናስበውም ነበርና። የዚህ ዓይነት መኪና ሞተሩ የሚገኘው ከጋቢናው ሥር ነው፤ ሞተሩን ለማየት ጋቢናው በሙሉ ወደ ፊት ይገለበጣል። በጋቢናው ውስጥ የታሰረና ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ሽቦ ተወጥሮ ቢዘረጋ፥ ጋቢናው በተገለበጠበት ቀን ይበጠሳል ወይም ልባሱ ይቀደዳል። ስለዚህ ሽቦውን ፋብሪካው የራሱን ሽቦዎች ባሳለፈበት በጋቢናው ማጠፊያ በኩል መርቶ፥ ከዚያ ሥፍራ የተንዠረገገ ትርፍ ተወለት፤ ጋቢናውንም ሁለት ጊዜ አስገልብጦ የሽቦውን አካሄድ ጐንበስ ብሎ ተመለከተ። ብረት በሚያቋርጥበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ገባ፤ ሽቦው ከዳር እስከ ዳር ፕላስቲክ ቱቦ ለበሰ፤ በየሁለት ስንዝሩም ከአካሉ ጋር ተያዘ። ከመኝታው ሥር አንዲት ክር እንኳ አላለፈችም።

ሣጥኑ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ጥቂት ክርክር ተነሣ። ሾፌሩ ቦታ እንዳይይዝ ከፍራሹ ሥር ወይም ከሞተሩ ክዳን ላይ እንዲሆን ፈለገ። ሽማግሌው ከረዳቱ ወንበር ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ፥ በዙሪያው አራት ጣት ያህል አየር ትቶ፥ በብሎን አሰረው። ኢንቨርተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። የብዙዎቹ መመሪያ ደግሞ ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ መሆኑን ይናገራል፤ በሳንቃ በር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ የሳሳው አየር ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል። በሌላው በኩል ደግሞ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን በጠረጉት በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ቆላው ይጠብቃል። ስለዚህ በሰሜን ተራራ ለሚመላለስ መኪና በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ሙሉ በሙሉ አለማመንና ከግማሹ እስከ ሁለት ሦስተኛው ባለው መወሰን ይሻላል።

ባትሪው ተመልሶ ሲታሰር በጋቢናው ውስጥ የተገጠመው ማቋረጫ ተዘግቶ ነበር። ኢንቨርተር መጀመሪያ ኃይል ሲያገኝ ትንሽ ብልጭታ ስለሚያወጣ፥ ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ ርቆ በማቋረጫው ውስጥ እንዲሆን ነው። ማቋረጫው ለሌላም ይጠቅማል፤ ጢስ በታየ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ እርሱን አጥፍቶ መውረድ ነውና። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በዳሰሳ እስኪያገኘው ድረስ ሽማግሌው ደጋግሞ አስሞከረው። የዱቄት እሳት ማጥፊያም በሩ አጠገብ ታሰረ።

ቀጥሎ የምድጃው ነገር መጣ። ሾፌሩ ምድጃውን ይዞ «ይህስ፥ ጋሼ?» ሲል ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 100 አምፔር ሰዓት ናቸው። የ1,000 ዋት ምድጃ ሞተሩ ጠፍቶ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ ግማሹን ያህል ይጨርሰዋል፤ የሞተር ማስነሻ ባትሪ ደግሞ ለአንድ አፍታ ብርቱ ግፊት የተሠራ እንጂ ቀስ በቀስ እስከ ግማሹ መጠጣትን የሚወድ አይደለም። ብዙዎች «ባትሪው ሲደክም ኢንቨርተሩ ራሱ ይዘጋል» ይላሉ። ይዘጋል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ባትሪው ወደ 21 ቮልት ከወረደ በኋላ ስለሆነ፥ በዚያን ጊዜ በደባርቅ ብርድ ሞተሪኖውን የሚያዞር ኃይል አይቀርም። ስለዚህ ቮልት የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ በሾፌሩ ፊት ተገጠመ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከ24.4 በታች ከወረደ ሁሉም እንዲጠፋ ታዘዘ። ሞተሩን እያስነሡ ማብሰልስ ቢባል፥ የቆመ መኪና ጢስ ወደ ጋቢናው እንዳይገባ ማን ዋስ ይሆናል?

የማረፊያ ቤቱ እመቤት ይህን ሁሉ ከደጅ ሆነው ይሰሙ ኖሮ «ለሽሮ ብላችሁ መኪና ታቃጥላላችሁ? አገልግል የለም እንዴ?» አሉ። ከቅዳሴ መልስም የጾም ወጥና እንጀራ በአገልግል ሞልተው፥ በሶና ዳቦ ቆሎ ጨምረው ለልጁ ሰጡት። ምድጃው በዚያው ለእርሳቸው ቀረ።

ከምድጃው ይልቅ የከሰሉ ነገር ያሳስበናል። ሾፌሩ ኢንቨርተር ከመግዛቱ በፊት በተራራው ላይ ሲያድር ፍም የተሞላ ማንደጃ ወደ ጋቢናው ያስገባ እንደ ነበር አጫወተን፤ ይህም በደጋው አገር በየቤቱ የሚደረግ ነው። ከሰል በተዘጋ ሥፍራ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ይወጣዋል። የተቃጠለ ሽቦ ቢያንስ ይሸታል፤ ይህ ግን የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስደዋል። ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ሲያልቅ መርዙም ያለቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ መርዙ ግን ከቀላው ፍም ሳይቀር ይወጣል። በጋቢናም ሆነ በመኝታ ቤት ሌሊቱን ለማለፍ ብርድ ልብስ መደረብ እንጂ ፍም ይዞ መተኛት አይገባም።

ስለ ኢንቨርተሩ መውጫም አንድ ቃል። ከባትሪው በኩል ያለው 24 ቮልት ሰውን በንዝረት የሚገድል አይደለም፤ አደጋው እሳት ነው። ከሶኬቱ በኩል የሚወጣው 220 ቮልት ግን የቤቱን ያህል ይገድላል። በክረምት እጅ እርጥብ፥ ወለሉ ጭቃ ነው፤ ልጅ በእርጥብ እጁ እንዳይነካው፥ ሣጥኑም ጠፍቷል ተብሎ እንዳይከፈት ይሁን፤ በውስጡ ኃይል የሚያቁሩ ዕቃዎች አሉና። ከሁሉ የከፋው፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ከመኪናው ኢንቨርተር ወደ ቤቱ ሶኬት በሁለት ራሱ መሰኪያ ያለው ሽቦ መዘርጋት ነው። ከአንዱ ራስ ላይ የሚታየው ብረት እንደ ተሰካ ሕያው ነው፤ ቤቱ ከመንገዱ መስመር ካልተቋረጠ ደግሞ ኃይሉ ወደ ውጭ ወጥቶ በምሰሶ ላይ የሚሠራውን የሰው ልጅ ሊገድል፥ መብራት በተመለሰ ጊዜም ሣጥኑን ከነመኪናው ሊያቃጥል ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሳንቃ በር ተነሣን። ሳንቃ በር በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፥ በ3,250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ የጐብኚዎች ማረፊያ ነው፤ ፓርኩም ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል። መንገዱ ከዚያ አልፎ ወደ ጨነቅ፥ ከዚያም ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ቧሒት በር ይወጣል። ስንደርስ ጭጋጉ ጭላዳዎቹንም ገደሉንም ውጦአቸው ስለ ነበረ፥ ሾፌሩ ሌሊቱን ከዚያው አድሮ በጠዋት ሊሻገር ወሰነ፤ እኛም ጉዞአችን እዚያ ድረስ ነበር።

ማታ ወደ ጋቢናው ብቅ ስንል ልጁ አዲሱን ሽቦ በመዳፉ ይዳስስ ነበር። «ቀዝቃዛ ነው» አለን። አንዲት የ10 ዋት መብራት በርታ፥ አባትየው ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤ ስልኩም ተሰክቶአል። መለኪያው 25.2 ያሳይ ነበር፤ ሲነጋ ተመልሰን ስናየው 24.9 ሆኖ፥ ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ።

ሽማግሌው ሲለየን «ከመጀመሪያው ጕዞ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቅ፤ የላላ ማሰሪያ እንደ ቀጭን ሽቦ ይግላል» ብሎት ነበር። ከሳምንት በኋላ ሾፌሩ ከጎንደር ደውሎልን፥ ከቧሒት ወርዶ መኪናውን ሲመረምር የፊውዙ አንደኛው ዳዶ በሩብ ዙር ላልቶ እንዳገኘውና እንዳጠበቀው ነገረን። ያገኘው ልጁ ነው።